እንቅፋት በመታጠፊያው ላይ

የምተዳደረው በመደበቅ ነው። ሌባ አይደለሁም፣ ሰላይም አይደለሁም፤ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሥራዬን የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ነገሩን ከፍ ለማድረግ "ትራንስፖርት ውስጥ ነኝ" እላለሁ። ሚስቴ ከጎኔ ካለች ግን "ዛፍ ሥር ነው የሚሠራው" ትላለች። ከሁለታችን እውነቱን የምትናገረው እሷ ናት።

ሹፌሮቹና ትኬት ቆራጮቹ ደግሞ "እንቅፋት" ይሉኛል። ስሙን ያወጣልኝ ማን እንደሆነ ባላውቅም ሰውየው ሥራውን ያውቃል። እንቅፋት አስቀድሞ አይታይም፤ መኖሩን የምታውቀው የአውራ ጣትህ ጥፍር ሲነሳ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስሰማው እናደድ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን ኮራሁበት። አንድ ቀን ገበያ መሃል ከኋላዬ "እንቅፋት አለ" የሚል ሰው ሰምቼ "አቤት" ብዬ ዞርኩ። ለካ ሰውየው ሚስቱን ድንጋይ እንዳይመታት እያስጠነቀቃት ኖሯል።

ሥራውን ያስተማሩን ጡረታ የወጡ መቶ አለቃ ነበሩ። ለትኬት ተቆጣጣሪ ወታደር አስተማሪ ለምን እንደሚያስፈልገው ዛሬም አይገባኝም፤ እሳቸው ግን ጥርጣሬ አልነበራቸውም። ሰሌዳው ላይ አውቶቡስ ሣሉ፣ ዙሪያውን በቀስት ከበቡት፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞረው "ደፈጣ ማለት መደበቅ እንዳይመስላችሁ" አሉ። "የተደበቀ ሁሉ ደፈጣ ያዘ አይባልም። የፈራም ይደበቃል፣ ያፈረም ይደበቃል። ደፈጣ ማለት ቦታውን አንተ መርጠህ፣ ሰዓቱን አንተ መርጠህ፣ ሰውየው በገዛ እግሩ ሲመጣልህ ነው። አንተ እሱን እያሳደድክ ከሄድክ ያ ደፈጣ አይደለም፤ ፍለጋ ነው። ፈላጊ ደግሞ ከሩቅ ይታያል።" ሁሉንም በቃሌ ያዝኩ። ከክፍሉ ሁሉ ከልቤ የሰማኋቸው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ የቀሩት ሻይ ሰዓት ነበር የሚጠብቁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትኬት ቆራጭ አንዳንዴ ሂሳቡን ይቀበልና ትኬቱን ሳይሰጥ ያልፋል። ተሳፋሪም አንዳንዴ የተኛ ይመስልና ሳይከፍል ይወርዳል። ሁለቱንም መያዝ የእኔ ሥራ ነው። ፌርማታ ላይ ቆሜ ብጠብቅ ግን ማንንም አልይዝም። ከወዲያ የሚመጣው ሹፌር ከወዲህ ለሚሄደው መብራቱን ብልጭ ያደርግለታል፤ እንቅፋት አለ ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ የምሳፈርበት አውቶቡስ ውስጥ ከእኔ በቀር ኃጢአተኛ አይገኝም።

ስለዚህ የምጠብቀው ከፌርማታ ውጭ፣ አውቶቡሱ ሳይወድ በግድ በሚያዘግምበት ቦታ ነው። የእኔ ቦታ ጎማ ቤቱ አጠገብ ያለው መታጠፊያ ነው። መንገዱ እንደ ክርን ይታጠፋል፤ ጥጉ ላይ ግንደ ወፍራም ዛፍ አለ፤ የአውቶቡሱ የኋላ በር ደግሞ ለነፋስ ተብሎ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ከዛፉ ኋላ ወጥቼ እጀታውን ጨብጬ እዘልና "ትኬት" እላለሁ። እንዲህ ሳወራው ነብር እመስላለሁ። ጉልበቴ ስዘል እንደሚንቋቋ፣ ጎማ ጠጋኙም በየጊዜው "ጋሼ፣ እግርዎ ይታያል" እያለ እንደሚያርመኝ አላወራም።

አንድ ጊዜ ዘልዬ የገባሁበት አውቶቡስ ለለቀስተኞች የተከራየ ሆኖ ተገኘ። "ትኬት" ብዬ የጮኽኩት ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሶ አንገቱን በደፋበት መሃል ነው። አንዲት እናት ቀና ብለው አዩኝና "የሟች የሥራ ባልደረባ ነህ፣ ልጄ?" አሉኝ። ምን ልበል? ነኝ አልኩ። ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ። መቃብር ድረስ ሄድኩ፣ አፈር ሲለብስ ቆሜ አየሁ፣ ቤተሰቡን አንድ በአንድ አጽናናሁ። ኋላ ስሰማ ሟቹ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲሸሹኝ የኖሩ ሰው፣ ሞተውም አላመለጡኝም።

ይሄ ሁሉ የሥራ ጉዳይ ነው ቢባል ያልፍ ነበር። ችግሩ አመሉ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መግባቱ ነው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባላል፤ እኔ ደግሞ መቼ መነኮስኩ? የቤታችን በር ሲጥ እንዳይል ማጠፊያውን ዘይት የምቀባው እኔ ነኝ። ስገባ ማንም አይሰማኝም። ድንገት ከሚስቴ ጀርባ "ምን እየሠራሽ ነው?" ስላት ስንት ብርጭቆ ከእጇ እንዳመለጠ እሷ ትቁጠረው። ምንም መጥፎ ነገር ስትሠራ ይዣት አላውቅም። ሁልጊዜ የምይዛት ብርጭቆ ስታጥብ ነው። ልጃችን ትንሽ ሳለች ኮቴ ጫፍ ላይ ቃጭል ሰፍታብኝ ነበር፤ "አባዬ ሲመጣ እንድንሰማው" ብላ። ሦስታችንም ሳቅን። በማግስቱ ግን ቃጭሉን ፈታሁት፤ በቃጭል ደፈጣ አይያዝማ።

ሚስቴንም ያገኘኋት በዚሁ ሙያ ነው። የምትሠራበት ቢሮ ፊት ለፊት ግድግዳ ተደግፌ፣ ጋዜጣ ገልጬ እጠብቃትና ልክ ስትወጣ እንደ ድንገት እገጥማታለሁ። "እንዴ፣ አንቺም በዚህ ታልፊያለሽ?" እላለሁ። ከተጋባን በኋላ ነው የነገረችኝ፤ ጋዜጣውን ሁልጊዜ ዘቅዝቄ ነበር የምይዘው። "ወድጄህ እንዳይመስልህ፣ አሳዝነኸኝ ነው" ትላለች እስከ ዛሬ፣ እንግዳ ባለበት።

ያለችን ያቺው አንድ ልጅ ናት። አድጋ፣ ተምራ፣ ጨርቃ ጨርቅ መደብር ውስጥ ሻጭ ሆና ገባች። ከእኛው ጋር ነው የምትኖረው። እና በቅርቡ ዝም አለች። ዝም አለች ስል ለእኔ ነው። ከእናቷ ጋር ሲስቁ ከውጭ እሰማለሁ፤ እኔ ስገባ ሳቁ ይቆረጣል። ስልክ ስታወራ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። አንድ ምሽት በሯ አጠገብ ቆሜ (ማጠፊያውን ዘይት ልቀባ ነው የቆምኩት) ለእናቷ "ለአባዬ ግን እንዴት ብዬ ልንገረው? ሳልሄድ በፊት..." ስትል ሰማኋት። የቀረውን ሹክሹክታው ዋጠው።

ሳልሄድ በፊት አለች። የት ነው የምትሄደው? ከማን ጋር?

ከዚያች ምሽት ጀምሮ በሯን ሳላይ አልተኛም። አንድ ቀን ማለዳ ስነሳ አልጋዋ ተነጥፎ፣ ልብሷ ከቁም ሣጥኑ ወጥቶ፣ እሷ የለችም ብዬ ፈራሁ። አንድ ቃል ሳትነግረኝ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። ልጄን እወዳታለሁ፤ ከሚገባው በላይ ሳልወዳት አልቀርም። ግን ነግሬያት አላውቅም። እንዴት ልንገራት? አብዛኛውን ጊዜ የማያት በበር ቀዳዳ ነው።

ጭንቀቴን ለሚስቴ አወጣሁላት።

"ለምን አትጠይቃትም?" አለችኝ።

"ጠይቄያት ብትዋሸኝስ?"

"ሳትጠይቃትስ እውነቱን ማን ይነግርሃል?"

"እይዛታለኋ።"

ሚስቴ የምታጥፈውን ፎጣ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ትኩር ብላ አየችኝ። "እሺ ያዛት" አለች። "እስቲ ያዛትና እንይህ።" ከአነጋገሯ ውስጥ አንድ ነገር መጠርጠር ነበረብኝ። ግን ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ የእኔ ልብ አስቀድሞ ደፈጣ ቦታ መርጦ ነበር።

በመጀመሪያ የሄድኩት ጨርቃ ጨርቅ መደብሩ ነው። ገባሁና ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ሰው የሚያህል የማሳያ አሻንጉሊት ኋላ ቆምኩ። ልጄ የለችም። ብዙም ሳይቆይ የመደብሩ ባለቤት ከሂሳብ መቀበያው ሆና "ከአሻንጉሊቱ ኋላ ያሉት ጌታዬ፣ ምን ልታዘዝ?" አለችኝ። ወጥቼ የማን አባት እንደሆንኩ ነገርኳት።

"እሷማ ከለቀቀች ቆየች እኮ" አለች። "አልነገረችዎትም እንዴ?"

በሥራዬ ብዙ ተሰድቤአለሁ። አንድ ተሳፋሪ ጃንጥላውን ጀርባዬ ላይ ሰብሮብኛል። እንደዚያች "አልነገረችዎትም እንዴ" ያመመኝ ግን የለም። እግረ መንገዴን ዋጋ ጠይቄ የማልፈልገውን መጋረጃ ገዝቼ ወጣሁ።

ማታ ልጄ ጃኬቷን ወንበር ላይ ጥላ ፊቷን ልትታጠብ ስትገባ ጃኬቱን አንስቼ አሸተትኩት። ናፍጣ ይሸታል። ከሽታ መካከል የማላውቀው ብዙ ነው፤ ናፍጣ ግን ዓይኔ ቢታሰርም አላጣውም። ወዲያው ደመደምኩ። ልጄ ሹፌር ይዛለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በከተማው ካለው ወንድ ሁሉ መርጣ፣ ስሜን በክፉ የሚያነሳውን አንዱን ልታገባ ነው። እኔ ለራት ስቀርብ ለሚስቴ መብራት ብልጭ የሚያደርግላት አማች ሊመጣብኝ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ተከተልኳት። የሠራተኛ ሰርቪስ ነው የተሳፈረችው፤ ከከተማው ወዲያ ማዶ ወዳለው ሁለተኛው የአውቶቡስ ማደሪያ፣ ወደ ዴፖው የሚሄደውን። ሰርቪሱ ውስጥ ያሉት ሹፌሮች ተነስተው ቦታ ሲለቁላት በዓይኔ አየሁ። እንግዲህ ነገሩ እስከዚህ ደርሷል አልኩ፤ ሰውየው ለጓደኞቹ ሁሉ አስተዋውቋታል ማለት ነው። ከዚያው ወደ እኛ ዴፖ ሻይ ቤት ሄድኩ፣ ወሬ ብለቅም ብዬ። ስገባ እንደ ወትሮው ጨዋታው ቆመ። እኔ በገባሁበት ሻይ ቤት ማንኪያ እንኳ ማማሰል ያቆማል። አንዱ ሹፌር ብቻ ወደ ብርጭቆው አጎንብሶ ሳቀ። ጥፋተኛ ሳቅ ነው ብዬ መልኩን በልቤ ያዝኩት።

የዚያ ዴፖ አውቶቡሶች በእኔ መታጠፊያ ያልፋሉ። ልጄ ከሰውየው ጋር ስትመላለስ ትውላለች፤ ሹፌሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ታወራለች፤ እኔ ዘልዬ እገባለሁ። ከዚያ ምን እንደምል አላሰብኩበትም። "ትኬት" ማለቴ አይቀርም።

በዕረፍት ቀኔ ጎማ ቤቱ ጋ ደረስኩ። ጠጋኙ ከጎማው ቀና ብሎ አየኝ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ዕረፍትዎ አልነበር?"

"የቤተሰብ ጉዳይ ነው" አልኩት።

"እንግዲያው እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉ" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ብዙ ቆምኩ። ጉልበቴ ደነዘዘ፤ ጉንዳን በካልሲዬ ውስጥ መንገድ አወጣ። ከማዶ የሚመጡት አውቶቡሶች መብራታቸውን ብልጭ ያደርጋሉ፤ ይሄን ለምጄዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ሌላ ነገር ጨመሩ። አንዱ ሹፌር እጁን በመስኮት አውጥቶ ሰላም አለኝ። ሌላው ጡሩምባውን ነፍቶ ሳቀልኝ። በሥራ ዘመኔ ሹፌር ሰላም ብሎኝ አያውቅም። የሆነ ነገር ተበላሽቷል አልኩ፤ ምን እንደሆነ ግን አልመጣልኝም።

ከዚያ ከሁለተኛው ዴፖ የሚመጣው አውቶቡስ ታየ። እኔ ጎንበስ አልኩ፣ ለመዝለል ተዘጋጀሁ። አውቶቡሱ አዘገመ፤ እሱ ደንብ ነው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፌርማታ በሌለበት፣ የፊት በሩን ልክ ዛፉ ጋ አድርጎ ቆመና በሩ ተከፈተልኝ።

ለአድፋጭ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም። መዝለልን ተምሬአለሁ፣ መጠበቅን ተምሬአለሁ፤ በር ተከፍቶለት የሚጠበቅ ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን መቶ አለቃው አላስተማሩንም። ከዛፉ ኋላ እንደቆምኩ ቀረሁ። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ያየኛል። አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አወጡና "ይውጡ እንጂ ጌታዬ፣ እኛም ቀጠሮ አለን" አሉኝ።

ወጣሁ። ክብሬን ለመጠበቅ ስል በተከፈተልኝ በር አልገባሁም፤ ዞሬ በኋላ በር ገባሁ። "ትኬት" አልኩ፤ ድምፄ ግን ቀጠነ። ሰው ሁሉ ትኬቱን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ወንበር ለወንበር እያየሁ አለፍኩ፤ ልጄን ነው የምፈልገው። የለችም። ጥግ የተቀመጠችውን አንዲት ወጣት ከልብሷ የተነሳ እሷ መስላኝ ጎንበስ ብዬ ሳያት ጓደኛዋ ገላመጠኝ።

መሃል ላይ ትኬት ቆራጩ መንገዴን ዘጋ። ትሑት ልጅ ነው፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መታወቂያዎን ያሳዩኝ" አለ።

"አታውቀኝም እንዴ?"

"አውቅዎታለሁ። ደንቡ ነው።"

ደንቡ ነው። ተቆጣጣሪ መታወቂያውን ካላሳየ ተሳፋሪ ነው፤ ተሳፋሪ ደግሞ ትኬት ይቆርጣል። ይህን ደንብ ለስንቱ በጩኸት አስረድቻለሁ። ኪሴን ዳበስኩ። መታወቂያዬ ቤት በቀረው የሥራ ኮቴ ውስጥ ነው። ቦርሳዬም እዚያው ነው። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ትኬት የሌለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም እኔ ነኝ። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይላሉ። እኔ የራሴን ልክ ለክቼ ነበር የቆፈርኩት።

ሽማግሌው "ተቆጣጣሪውም ሳይከፍል ነው የሚሄደው?" ሲሉ ሰዉ ሳቀ። እኔ ኪሴን መዳበስ ቀጠልኩ፤ ባዶ መሆኑን እያወቅኩ።

"የእሱን እኔ እከፍላለሁ" አለ ከፊት የመጣ ድምፅ። "አባቴ ነው።"

ቀና አልኩ። ከመሪው በላይ ካለው መስታወት ውስጥ የልጄ ዓይኖች ያዩኛል። የሹፌር ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳለች፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራለች፤ ሁለት እጆቿ መሪው ላይ ናቸው። እና እኔ ምን አደረግሁ? ሹፌሩን ፈለግሁ። እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ። ልጄ መሪ ጨብጣ እያየኋት፣ ሹፌሩ የት ሄደ ብዬ ግራና ቀኝ አየሁ።

"ና ፊት ቁጭ በል፣ አባዬ" አለች። "መንገድ ዘግተናል።"

ሄጄ ቁጭ አልኩ፤ ልጄ የሹፌሩ እጮኛ ሆና ትቀመጥባታለች ብዬ ባሰብኳት ወንበር ላይ። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ዓይኔ ሥራውን አልተወም፣ ጥፋት ይፈልግ ጀመር። ማርሽ ስትቀይር መኪናው አልተንገጫገጨም። ፌርማታ ስትቆም በሩ ልክ ሰዉ ከቆመበት ቦታ ደረሰ። አንድ አቅመ ደካማ አዛውንት ሲሳፈሩ፣ እስኪቀመጡ በመስታወት ተከታትላ ጠብቃ ነው ፍሬኑን የለቀቀችው። ጥፋት ፈልጌ አጣሁ። ጥፋት ሲጠፋ ምን እንደሚባል አላውቅበትም። መጨረሻው ፌርማታ ደረስን።

ሰዉ ወርዶ አለቀ። ትኬት ቆራጩ ሻይ ልጠጣ ብሎ ሹልክ አለ። ልጄ ሞተሩን አጥፍታ ወደ እኔ ዞረች።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኩ።

"ብነግርህ ታምነኝ ነበር?"

"ለምን አላምንሽም?"

"አንተ ያልያዝከውን አታምንም፣ አባዬ።" ቁጣ የለባትም፤ እንዲያውም ፈገግ ብላለች፤ ለዚህ ነው የባሰ ያመመኝ። "ልጅ ሆኜ አንደኛ ወጣሁ ስልህ፣ አስተማሪዬን ከትምህርት ቤቱ አጥር ኋላ ጠብቀህ ነው ያረጋገጥከው። ስለዚህ እስኪይዘኝ ልጠብቀው አልኩ። ሹፌሮቹ ይሄን መስመር ይሸሹታል፣ አንተ ስላለህ። እኔ ጠይቄ ነው የወሰድኩት።"

"እና ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?"

"እዚሁ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ ተሳፍረህብኛል። ከኋላ ገብተህ፣ ትኬት አይተህ፣ ከኋላ ወርደሃል። አንድ ቀን እንዲያውም እኔ ጋ ደርሰህ ጀርባህን ሰጥተኸኝ ቆምክ፤ ልጠራህ ፈልጌ እንባ ቀደመኝ።"

ቦታውን መርጣ፣ ሰዓቱን መርጣ ስትጠብቅ የኖረችው እሷ ናት። በገዛ እግሬ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ከሩቅ እየታየሁ። ዴፖው ሁሉ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ሁሉም ያውቃል። እማዬም ታውቃለች።"

"ማንም አልነገረኝም።"

"ስትገባ ዝም ይላሉ። ማን ይንገርህ?"

እጇን እንደገና መሪው ላይ አደረገች። "አባዬ፣ ሌላ ከተማ አዲስ ዴፖ ተከፍቷል። የሩቅ መስመር ነው። ሹፌር ይፈልጋሉ፤ እኔም እሄዳለሁ ብያለሁ። እዚያ ነው የምኖረው። ሳልሄድ ግን ስነዳ እንድታየኝ ፈለግሁ።"

የፈራሁት ያው መጣ፣ ፊት ለፊት፣ መብራቱን አብርቶ። ልማዴ ቢሆን ኖሮ "እናያለን" ብዬ ወርጄ፣ ከግድግዳ ኋላ ቆሜ ነበር የማለቅሰው። ዙሪያዬ ግን ባዶ ወንበር እንጂ መደበቂያ የለም።

"እንድትሄጂ አልፈልግም" አልኩ። "ካለሽበት ሁሉ ተደብቄ የማይሽ፣ አንድ ቀን እንዳላጣሽ ፈርቼ ነው። እወድሻለሁ።"

"አውቃለሁ" አለች። "ስትለው ግን ሰምቼህ አላውቅም።"

"ትሄጃለሽ?"

"እሄዳለሁ።"

መቼ እንደሆነም ነገረችኝ። ቀኑን፣ የምትነሳበትን ሰዓት፣ የምትነዳውን አውቶቡስ፣ ሁሉንም ከአፏ ሰማሁ።

ዱብ ዕዳ እንደዚህ አያምም። እሱ አንዴ ይመታህና ያልፋል። ቀኑን አውቀህ ስትጠብቀው ግን ጠዋት ስትነሳ አለ፣ ፊትህን ስትታጠብ አለ፣ ዛፉ ሥር ቆመህም አለ። ደግነቱ እስከዚያው እሷም አለች። ራት ላይ ስለ መንገዱ እጠይቃታለሁ፣ ትነግረኛለች፤ ስገባ ሳቁ አይቆረጥም፤ እንዲያውም የሚሳቀው በእኔ ነው። ሚስቴ እኚያ ሽማግሌ ያሉትን ደጋግማ ታስወራታለች።

ትናንት ሻንጣ ልትገዛ ስትወጣ "ትመጣለህ?" አለችኝ። ጎን ለጎን ሆነን ሄድን። ሱቁ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥሩ ሻንጣ ነበር፣ ልብሷን ሁሉ የሚይዝ፤ ዓይኗ እሱ ላይ ነበር። እኔ ጎማውን አየሁ፣ ዚፑን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ እጀታውን ነቀነቅኩና ይሄ አይረባም ብዬ ትንሹን አስመረጥኳት። ከልብሷ ግማሹን አይይዝም። የቀረውን ልትወስድ መመለሷ አይቀርም። የገባት ይመስለኛል፤ ትንሹን ሻንጣ አንስታ ቀድማኝ ወጣች።